የፊላ ታንኳ በፖቶማክ ዳር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለዘመድ ደብዳቤ ለመላክና ቀበሌ ሲጠራኝ ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፣ ድምፄ ይጠፋል። ይህን የምጽፈው አጎቴ ሐሰን ስለሞተ ነው። አሜሪካ ደርሰን ስንመለስ የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነበር፤ እሱም በሳሉ መሐል እያረፈ ያወራላቸው ነበር። አሁን የሚጠይቁት እኔን ነው። በአፌ ስጀምረው መንገድ ላይ ይቀርብኛል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ።

ለማያውቀን አንባቢ ማን እንደሆንን ላስቀድም። እኛ በጣና ሐይቅ ዳር የምንኖር ወይጦዎች ነን። ወንዶቹ ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ሴቶቹ ቅርጫት እንሰፋለን። የራሳችን ቋንቋ ነበረን ይባላል፤ አያቶቻችን እንኳ አልደረሱበትም። ስማችን ግን አለ። ሌላው ሰው የሚጠራው ሊሰድበን ሲፈልግ ስለሆነ ገበያ ስንወጣ እኛም አንጠራውም። ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀመጥ ጎረቤት ጥቂት ነው።

ሚስ ኬረን የምትባል ፈረንጅ ሐይቁን ልታይ መጥታ አጎቴን ታንኳ ሲያስር አገኘችው። የምትሠራው ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ ወንዝ ዳር ባለ ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። አስጎብኚዋ «ዓሣ አጥማጆች ናቸው» አላት፣ በዚያው ሄደች። ከወራት በኋላ የውኃ ዳር ሰዎች የሚሰበሰቡበት ዝግጅት አለ ብላ የግብዣ ወረቀትና ቲኬት ላከች። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ስለነበር መውጣት እንደ ድሮው አልከበደም። አጎቴ ልጅ የለውም፤ ገመድ የማከርርለት እኔ ስለሆንኩ ይዞኝ ሄደ።

ከመነሣታችን በፊት ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። የአያቶቻችን መቃብር ያለበት ዳርቻ ታጥሯል፤ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ ትንሽ አየና፣ «እዚያ ስደርስ ታንኳውን የሚሠሩት ሰዎች ምን እንደሚባሉ፣ የት እንደተቀበሩም እናገራለሁ። እዚህ የጻፈልን የለም፤ እነሱ ይጻፉት» አለኝ። የሄደበት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ፎቁንም መኪናውንም ለማየት አልነበረም።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ከባህር ዳር ተነሣን። ታንኳው የሚሠራበትን ደንገል አድርቀን፣ አስረን፣ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጫንነው። ረዳቱ አጎቴን «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ድርቆሽ አዲስ አበባ ላለው በሬዎ ነው?» ብሎ ሰውን አሳቀ። አጎቴም አብሮ ሳቀ። ማታ ደብረ ማርቆስ አደርን። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ከየት እንደመጣን ስትጠይቅ «ከባህር ዳር» አላት፤ ሌላ አልጨመረም። ቁንጫው አላስተኛንም።

እሑድ

የዓባይን በረሃ ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ነጠላዬ ላይ አስታወከች። እናቷ አፈረች፤ ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ውኃ ለምና፣ እምቢ ብላትም ነጠላዬን አጥባ፣ በመስኮት ይዛ እያራገበች አደረቀችልኝ። አዲስ አበባ ስንገባ ዝናብ ነበር። መርካቶ እንደ እኛ ሙስሊም የሆነ አንድ ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ ማዳበሪያ አንጥፎ አሳደረን። ደንገሉ እንዳይርስ አጎቴ ጋቢውን አልብሶት ራሱ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

ሰኞ

ስለ አውሮፕላኑ ብዙ አልጽፍም፤ ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት። ምግቡ ሥጋ ስለነበረው ሁለታችንም ዳቦውን ብቻ በላን። አጎቴ በመስኮት ወደ ታች ሲያይ ቆይቶ «ጣና ከዚህ ቢታይ የእጅ መታጠቢያ ያህል ነው» አለ።

ማክሰኞ

ዋሽንግተን እንደደረስን ደንገሉን ወሰዱብን። ጓንት ያደረገ መኮንን እስሩን በቢላ ቆርጦ ውስጡን አየና አንገቱን ነቀነቀ። ያልታወቀ ተክል አገር ውስጥ አይገባም ማለቱ እንደሆነ በኋላ ሰማን። አጎቴ እጁን ዘርግቶ ቀረ። የኛ አገር ፈታሽ ቢሆን ለምነን፣ ምለን፣ አማላጅ ፈልገን እናስመልስ ነበር። እዚያ ሰውየው አልተቆጣም፣ አልተሳደበም፤ ደንገሉን በትልቅ ጥቁር ከረጢት ከተተና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ውጪ የሚጠብቁን ጋሽ ግርማቸው ነበሩ። ሚስ ኬረን እንዲያስተረጉሙልንና ቤታቸው እንዲያሳርፉን ለምናቸው ነው። የጎንደር ሰው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው አሁን ታክሲ ይነዳሉ። አጎቴን እንዳዩት ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ሲሉ ደንግጦ ያዛቸው። የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ሰፈር ካለ ሕንፃ ላይ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ የደንቢያ ተወላጅ ናቸው፤ እንደ እኛ የጣናን ውኃ ጠጥተው ያደጉ። ሙስሊም መሆናችንን ሰምተው ሥጋ አላቀረቡም፤ ዓሣና ሽሮ በአንድ ትሪ አቅርበው ከበን በላን። ፎቅ ላይ ያለችውን ሶማሌ ጎረቤታቸውን ጠይቀው ለሶላት ወደ ቂብላ የሚያዞረውን ግድግዳ ለአጎቴ አሳዩት። ለእኔ ደግሞ የራሳቸውን ካፖርት አለበሱኝ፤ እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ወረደ።

ሲያጎርሱኝ ዓይኔን ወደ አጎቴ አነሣሁ። እሱ ትሪውን ነበር የሚያየው። እንደዚህ ከቤታችን ውጪ ከሌላ ሰው ጋር ትሪ ከበን ስንበላ የመጀመሪያችን ነው።

ረቡዕ

አሌክሳንድሪያ ሸክላ የተነጠፈበት መንገድና ትናንሽ አሮጌ ቤቶች ያሏት ከተማ ናት። ወንዙ ፖቶማክ ይባላል። ሰፊ ነው፤ ግን የሚታጠብበት ሰው የለም፣ ልብስ የሚያጥብም፣ ከብት የሚያጠጣም። እንዲህ ያለ ባዶ ውኃ አይቼ አላውቅም።

ሚስ ኬረን የደንገሉን ነገር ስትሰማ አለቀሰች። አጠገቧ የነበሩ አንዲት አሮጊት ግን ምርኩዛቸውን አንሥተው «ኑ» አሉን። ሩት ይባላሉ፤ አጎቴ ወዲያው እማማ ሩት አላቸው። ዝግጅቱ የሳቸው ነው። ሕዝባቸው ፒስካታዌ ይባላል፤ ፈረንጅ ሳይመጣ፣ ከተማው ሳይሠራ በፊት በወንዙ ወዲያና ወዲህ ይኖሩ ነበር። ጋሽ ግርማቸው እየነዱ ወደ አንድ ረግረግ ወሰዱን። ፊላ በቅሎበታል! ልክ እንደ ጣና ዳር ፊላ፣ ጫፉ ላይ ቡናማ ጭራ ያለው። እማማ ሩት አያቶቻቸው በዚህ ምንጣፍ እየሠሩ ቤት ያለብሱበት እንደነበር ነገሩን። በፊላ ታንኳ አይሠራም፤ ቶሎ ውኃ ይጠጣል። አጎቴ ግን «የደንገል ዘመድ ነው፣ ይሞከራል» ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ።

ውኃው በረዶ ነበር ማለት ይቻላል። ወሩ ጥቅምት ነው፣ ግን የኛ ጥቅምት አይደለም፤ ዛፉ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይረግፋል። ይበቃል ብንለው አልወጣም። ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ጋሽ ግርማቸው የመኪናቸውን ማሞቂያ ከፍተው እግሩን በገዛ ሹራባቸው አሹለት።

ሐሙስ

ታንኳውን ከሙዚየሙ ደጃፍ መሥራት ጀመርን። እኔ ገመድ አከርራለሁ፣ አጎቴ ያስራል። ሰው ቆሞ ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ እማማ ሩት ወንበር አስመጥተው አጠገባችን ተቀመጡና የራሳቸውን ነገር አወሩልን። ልጅ ሳሉ አባታቸው የሕዝባቸውን ስም ከቤት ውጪ እንዳይጠሩ ያስጠነቅቋቸው ነበር። የመንግሥት መዝጋቢዎች ሁሉንም «ጥቁር» ብለው ጻፏቸው፤ ሌላ ስም አለን ያለ አልተሰማም። አንዳንዱ ዘመዳቸው እስከ ዛሬ ስሙን አይቀበልም። እሳቸው ሲያረጁ ነው ከቤት ቤት እየዞሩ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ መቃብሩ የት እንደነበረ መጠየቅ የጀመሩት። በምርኩዛቸው የተነጠፈውን ሸክላ መታ መታ አድርገው «ከዚህ ሥር ነን» አሉ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረው የእናንተስ ሕዝብ ምን ይባላል ብለው ጠየቁት።

አጎቴ የጠበቀው ይኼንን ነበር። ገመዱን አስቀመጠ። ስማችንን ተናገረ፣ ስለ ቋንቋው ተናገረ፣ ስለታጠረው መቃብር ተናገረ። ጋሽ ግርማቸው እየሰሙ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሲተረጉሙት ግን አጭር ሆነ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ እንግሊዝኛ ነገሩን ያሳጥረው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሚስ ኬረን ጻፈች። እማማ ሩትም ፈገግ ብለው የአጎቴን ትከሻ ነካ አደረጉት።

ማታ አጎቴ እየሳለም ደስ ብሎት ነበር። «ተናገርኩ፣ በቃኝ» አለኝ።

ዓርብ

ታንኳው አለቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው በሳህን ሽሮ ይዘውልን መጡ፤ ሰዉ ሲያየን «የአገሬ ልጆች ናቸው» እያሉ ይኩራሩ ነበር። ታንኳው ፊት ሰሌዳ ቆሟል። አጎቴ ምን እንደሚል እንዲያነቡለት እትዬ ጥሩወርቅን ጠየቀ። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ወደ አማርኛ መለሱለት፣ «ከኢትዮጵያ፣ ከጣና ሐይቅ፣ የአማራ ዓሣ አጥማጆች ታንኳ።»

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው አባባ። አያምርም?»

አጎቴ ያምራል አላቸው። የሰጡትን ሽሮ ግን ሳይነካው ቀረ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። ጋሽ ግርማቸው ስለ ትራፊኩ እያማረሩ ነበር። አጎቴ ከኋላ ሆኖ በቀስታ ተናገረ፣ «ልጄ ግርማቸው፣ ትናንት ስማችንን ነግሬህ ነበር።»

ጋሽ ግርማቸው በኋላ ማሳያው መስታወት አጎቴን አዩት። ከዚያ «አባባ፣ ያንን ቃል እኛ ልጆች ሆነን ለስድብ ነበር የምንጠራው» አሉ። «ቤቴ ባሳረፍኳቸው እንግዶች ላይ፣ ያውም በፈረንጅ ፊት፣ እንዴት ከአፌ ላውጣው? ላከብራችሁ ብዬ ነው የዘለልኩት። መቃብሩንም ብናገር ወደ ስሙ ይመልሰኝ ነበር።»

«ስድብ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። እኛ ስም ነው ያልነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ «ምን ቃል?» ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። የደንቢያ ሰው ናቸው፤ መልስ አላስፈለጋቸውም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ በካፖርታቸው ውስጥ ነበርኩ፤ ላውልቀው ወይስ ልተወው እያልኩ ተጨነቅሁ።

ቅዳሜ

አጎቴ ትኩሳት ይዞት ዋለ። እትዬ ጥሩወርቅ ሾርባ አፍልተው፣ ዝንጅብል ቀቅለው፣ ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ ሲያብሱ ዋሉ። ከፋኝ ማለት አልችልም፤ እናቴ ከዚያ በላይ አታደርግም። ጋሽ ግርማቸው ታክሲያቸውን ሳያወጡ ቀሩና ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጡ። እሑድ በዝግጅቱ መዝጊያ ላይ እያንዳንዱ እንግዳ ስለ ሕዝቡ ይናገራል፤ እሳቸው አንድም ቃል ሳይዘሉ እንደሚተረጉሙ በእግዚአብሔር ማሉለት።

አጎቴ ቀና ለማለት ሞከረና አቃተው። ወደኔ ዞረ። የሚለኝን አውቄ ነበር፤ እምቢ አልኩት። አልችልም፣ ድምፄ አይወጣም፣ ይቅርብን አልኩት።

«ስሙን ብቻ በይው» አለ። «ሌላውን ባትጨርሺው ግድ የለም። እኔ ሰው ፊት ደፍሬ እስክጠራው ይህን ያህል አርጅቻለሁ፤ አንቺ ቶሎ ብትጀምሪው ይሻላል።»

እሑድ

ዘነበ። ብዙ ሰው አልመጣም። ከመጡት መሐል እትዬ ጥሩወርቅ ቀደም ብለው «የአገራችንን ታንኳ እዩ» ብለው የጠሯቸው ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ግን አጎቴን ለማስታመም ቤት ቀርተዋል። የላኩትን ዳቦ ቆርሼ ለተቀመጠው ሁሉ አዞርኩ፤ ሁለቱ ሴቶች መርቀውኝ ተቀበሉኝ፣ አንዷም የማን ልጅ ነሽ የኔ ቆንጆ ብላ ጉንጬን ዳበሰችኝ።

ታንኳውን በገመድ ይዘው ወንዙ ላይ አወረዱት። ጥቂት ቆመ። ከዚያ ፊላው በአንድ ጎን ውኃ ጠጣና ጋደለ። ሰዉ በትሕትና አጨበጨበ፤ አውጥተውም ከጣሪያ ሥር አስገቡት። አጎቴ ይህን ባለማየቱ ደስ አለኝ።

እማማ ሩት የሙታኖቻቸውን ስም ጠሩ። ከሳቸው ሕዝብ የተገኘው ትንሽ ሰው ነበር፤ የመጡትም እያንዳንዱን ስም ዝቅ ባለ ድምፅ ይደግሙት ነበር። ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። የካፖርቱን እጅጌ ጫፍ ጨብጬ ቆምኩ።

«እኛ ወይጦ ነን። ታንኳውን የሠራው አጎቴ ሐሰን ነው። ሙታኖቻችን ጣና ዳር፣ አሁን በታጠረው ቦታ ውስጥ ናቸው።»

ከዚህ ሌላ አልወጣኝም። ጋሽ ግርማቸው ተረጎሙ፤ ስሙ ላይ ሲደርሱ እኔም ሰማሁት። አፋቸው ደርቆ ነበር መሰለኝ፣ ደግመው ጠሩት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ጉንጬን የዳበሰችኝ ሴት የነከሰችውን ዳቦ በሶፍት ጠቅልላ ከወንበሯ ሥር አስቀመጠችው።

እማማ ሩት በዝናቡ ውስጥ ወደኔ መጡና ስሙን እንድደግምላቸው ጠየቁ። አንዴ ተሳሳቱ፣ ሁለተኛም ተሳሳቱ፣ ከዚያ አገኙት። ወደ ጋሽ ግርማቸው ዞረው የሆነ ነገር ተናገሩ። ምን አሉ ብዬ ስጠይቃቸው «ሐሙስ ዕለት ሌላ ነበር የነገርከኝ አሉኝ» ብለው ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው አሹት። ሚስ ኬረን ሰሌዳው በኋላ እንደሚታረም ነገረችን። ታርሞ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤት ስንገባ አጎቴ እንደተኛ «ስሙ ወጣ?» አለኝ።

«ወጣ።»

«ሰዉ ምን አለ?»

ምንም አላሉም አልኩት፤ ስለ ዳቦው አልነገርኩትም። ስለ ታንኳው ሲጠይቀኝ «ተንሳፈፈ» አልኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

ራት ቀረበ። ትሪው አልወጣም። ለእያንዳንዳችን በየሳህናችን ነበር የቀረበው፣ ለአጎቴና ለእኔ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሳህን። እትዬ ጥሩወርቅ ስለ አባባ ሳል ነው አሉ። ሳሉ እውነት ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ነበረ። ጋሽ ግርማቸው ሳህናቸውን ይዘው ተነሡና አጎቴ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ፤ ከሰማያዊው ሳህን አንድ ጉርሻ አንሥተው በሉ። ባለቤታቸው አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ሰኞ

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሁለቱም ሸኙን። አጎቴን በተሽከርካሪ ወንበር አስቀመጡት። ጋሽ ግርማቸው ጉልበቱን ሳሙት፤ በዚህኛው ጊዜ አልከለከላቸውም፣ እጁን ራሳቸው ላይ አሳረፈና ቆየ። ካፖርቱን ላወልቅ ስል እትዬ ጥሩወርቅ እጄን ያዙኝና ያንቺ ነው አሉኝ። ለመንገድ ዳቦና የአጎቴን የሳል ሽሮፕ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ሻሼን አስተካከሉልኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያ እንባ የውሸት ነው ብዬ ለማንም አልናገርም። አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ፤ ባላቸውም አጎቴም እንዳይሰሙ አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ።

«አይዞሽ የኔ እናት» አሉኝ፣ «ያንን ቃል እኔ ለማንም አልናገርም።»